ምላስ ሲለበለብ ሌላውን ሕመም የት እንፈልግ? በደረጃ የተዘጋጀ መመሪያ

አክስቴ ጠዋት ደህና ሆነው ይነሣሉ። ቁርስ ይበላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ይጫወታሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ የምላሳቸው ጫፍ መለብለብ ይጀምራል፤ ማታ ዜና ሲታይ ሚጥሚጣ በባዶው የላሰ ሰው ይመስላሉ። አፋቸውን ከፍተው ሲያሳዩን ግን የሚታይ ነገር የለም። ምላሳቸው የእኔን ያህል እርጥብ ነው፤ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ደህና ጥርስ ተነቀለላቸው፣ ሦስት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ጨረሱ፣ አንዱ ሐኪም ደግሞ «እናቴ፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኛቸው። ነገሩ ሲጣራ የተገኘው ግን አንድ ችግር አልነበረም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የቀረፋ ሻይ፣ የተበላሸ እንቅልፍ፣ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የራሱ የነርቩ ሕመም፤ አራት።

ይህን የምጽፈው እንደሳቸው ከክሊኒክ ክሊኒክ ለሚንከራተት ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ላለ ቤተሰብ ነው። የአፍ ማቃጠል ከሌሎች ሕመሞች ጋር ይመጣል፤ ጣጣው የትኛው ሕመም የቱ ጋ እንደሚቆም መለየቱ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ማቃጠሉን ያመጡት ናቸው፤ እነሱ ሲታከሙ እሱም ይለቃል። አንዳንዶቹ ያብሱታል እንጂ አላመጡትም። ሌሎቹ ደግሞ እሱ የወለዳቸው ናቸው። ሦስቱን ደባልቆ የሚያክም ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ የረዳውን ግን አያውቅም።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ይህ ሕመም ነወይ?

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ምደባ ውስጥ ለአፍ ማቃጠል ሕመም መስፈርት አስቀምጧል፦ በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ የሚቆይ፣ ከ3 ወር በላይ የዘለቀ፣ አፍ ሲመረመር ደግሞ ምክንያት የሚሆን ቁስል ያልተገኘበት። አብዛኛውን ጊዜ የምላስን ጫፍና ጎን፣ የላንቃን ፊት፣ የታችኛውን ከንፈር ውስጠኛ ገጽ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜም ግራና ቀኙን እኩል። ሁለት ነገሮች ይከተሉታል፦ አፍ የደረቀ መስሎ መሰማትና የጣዕም መለወጥ፤ መረረኝ፣ ብረት ብረት አለኝ የሚሉት ዓይነት። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ ከሴቶችም ያረጡትን ወይም ለማረጥ የተቃረቡትን ይበልጥ ያጠቃል።

አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ። አፉ የቆሰለ ሰው ምግብ ሲነካው ይብስበታል። የዚህ ሕመም ሰው ግን ሲያኝክ ወይም ቀዝቃዛ ሲጎነጭ ብዙ ጊዜ ይቀልለዋል። አክስቴ ከረሜላ ከኪሳቸው የማይጠፋው ለዚህ ነበር፤ እኛ ጣፋጭ ወደዱ እያልን እንስቅ ነበር።

ይህን መመሪያ አቁመው ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎ የሚከተለውን ካዩ ነው፦ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ አንገት ላይ የወጣ እብጠት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የፊት ወይም የምላስ አንድ ጎን መደንዘዝ። በአንድ በኩል ብቻ እንደ ኤሌክትሪክ ነዝሮ በሴኮንዶች የሚያልፍ ሕመም ደግሞ ሌላ የፊት ነርቭ ሕመም ስለሆነ ሕክምናውም ሌላ ነው። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምችም ከዚህ አይቀላቅሉት፤ ምች ይታያል፣ በቀናት ውስጥም ደርቆ ይለቃል።

ደረጃ 2፦ የሁለት ሳምንት ደብተር

ሐኪም ፊት «ሁልጊዜ ያቃጥለኛል» ማለት የሚጠቅመው ትንሽ ነው። ለ14 ቀን በቀን አራት ጊዜ፣ ማለትም ጠዋት 1 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓትና 3 ሰዓት ላይ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። ከቁጥሩ አጠገብ የበሉትን፣ የዋጡትን መድኃኒት፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ በሁለት ቃል ይጻፉ። መጻፍ የማይችሉ እናት ከሆኑ ልጅ ይጻፍላቸው፤ እኛ ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ነበረች ጸሐፊዋ።

ደብተሩ ሲሞላ ከሦስት መልኮች አንዱ ይወጣል። ጠዋት ምንም ሳይኖር እየዋለ የሚጨምር አለ። ከነቁበት ሰዓት ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚውል አለ። አንድ ቀን መጥቶ ሌላ ቀን የሚጠፋም አለ፤ ይህኛው ከሆነ የሚቆጣዎትን ምግብ ወይም የጥርስ ሳሙና መጠርጠር ተገቢ ነው። ከምሳ ወይም ከእራት በኋላ በጋደሙ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ሆድዎን ይጠርጥሩ። ፍርድ አይደለም፤ የት እንደሚጀምሩ ብቻ ይነግርዎታል።

በውጭ አገር የሚኖሩና በአስተርጓሚ የሚታከሙ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ያቃጥለኛል» የሚለው ቃላችን ለደረትም፣ ለሽንትም፣ ለሆድም ስለሚያገለግል አስተርጓሚው ወደ ቃር ሊወስደው ይችላል። ምላስዎን በጣት እያሳዩ ይናገሩ።

ደረጃ 3፦ የመድኃኒት ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉት

ከላቦራቶሪ በፊት ይህን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። በየቀኑ የሚዋጠውን፣ አልፎ አልፎ የሚወሰደውን፣ ከጎረቤት የተቀበሉትን፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር ያውጡ።

መጀመሪያ የሚፈለገው የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ኢናላፕሪል በአገራችን በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው፤ እሱና ዘመዶቹ፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ የአፍ ማቃጠልና የጣዕም መለወጥ እንደሚያመጡ ይታወቃል። ደረቅ ሳልም አብሮ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማቃጠሉ የጀመረው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ መሆን አለመሆኑን ያስታውሱ። ሐኪሙ ወደ ሌላ ዓይነት ሊቀይርልዎ ይችላል፤ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። በራስዎ ግን እንዳያቆሙት፤ ምላሴን አስታግሣለሁ ብሎ በስትሮክ መውደቅ አለ።

ቀጥሎ አፍ የሚያደርቁት ናቸው። ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚዋጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ሽንት የሚያበዙት መድኃኒቶች። ምራቅ ሲያንስ የተቆጣ ምላስ ይብሳል።

ሦስተኛው ወገን በተዘዋዋሪ የሚሠራው ነው። ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲቆዩ ቫይታሚን ቢ12 ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካሉ። ሁለቱንም የሚወስድ ሰው ቀጣዩን ደረጃ በደንብ ያንብብ። ለአስም በአፍ የሚነፋ የስቴሮይድ መድኃኒት የሚጠቀም ደግሞ ከነፋ በኋላ አፉን ተጉመጥሙጦ ካልተፋ ፈንገስ ይወጣበታል።

ደረጃ 4፦ ደም

የሚጠየቁት ምርመራዎች እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሌት፣ የጾም ስኳር ወይም የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያሳየው ቲኤስኤች። ቢ12ና ፌሪቲን በጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ አይሠሩም፤ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መሄድ ያስፈልጋል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማሠራት አቅም ከሌለ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ለሚጾሙ፣ ሜትፎርሚን ወይም ኦሜፕራዞል ለሚወስዱ ሰዎች እኔ ከደም ቆጠራና ከስኳር ቀጥሎ ቢ12ን አስቀድማለሁ።

ለምን? ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋፅኦ ነው፦ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት። ሰውነት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ በጉበት ስለሚያስቀምጥ አንድ ዐቢይ ጾም ብቻውን ማንንም አያጎድልም። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን ሁሉ ጠንቅቀው የሚጾሙ አንዲት እናት፣ ጾም ሲፈታም ሥጋው ለልጅ ልጅ ይሁን ብለው ሽሮ የሚበሉ ከሆነ፣ ጨጓራቸውም በዕድሜና በባክቴሪያ የሳሳ ከሆነ፣ ስንቁ ዓመት በዓመት እየጎደለ ይሄዳል። አክስቴ እንዲህ ነበሩ። ምልክቱ አፍ ላይ ብቻ አይደለም፦ የእግር ጣት መደንዘዝ፣ በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳት፣ መድከም። ምላስ ሲላጥና እንደ መስታወት ሲለሰልስ ደግሞ የሚታይ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ሳይላጥም ማቃጠል አለ። የሄሞግሎቢን ቁጥር ደህና ነው ማለት ቢ12 ደህና ነው ማለት አይደለም። መሙላቱ ከጾም ሥርዓት ጋር አይጋጭም፤ ክኒን ወይም መርፌ ነው። ስለ ምግቡ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ለታመመ ሰው ያለውን ነገር እነሱ ያውቃሉ።

እዚህ ጋ ሁለት ስሕተቶች በተደጋጋሚ አያለሁ። አንደኛው፣ ደም ሳይሰጡ መርፌውን መወጋት ነው። ከተወጉ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያኔ እጥረት ነበረ አልነበረም ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ሁለተኛው፣ «ለነርቭ» ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛውን የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ ለወራት መዋጥ ነው። በውስጡ ያለው ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ የሚነደውን ነርቭ ለማብረድ ሌላ እሳት መጨመር ይሆናል። ፎሊክ አሲድን (የፎሌትን ክኒን) ብቻውን መውሰድም ጣጣ አለው፦ የቢ12 እጥረት ካለ ደም ማነሱን ሸፍኖ የነርቩ ጉዳት ግን ሳይታይ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ብረትን በተመለከተ ጤፋችን ብረት አለው፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናና ሻይ ግን ይቀማናል። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ያርቁት። ብረት እንዲመጠጥ ቫይታሚን ሲ ይረዳል፤ መቼስ ሎሚ በሚለበለብ ምላስ ላይ አይታሰብም፣ ፓፓያና ዘይቱና ግን ሳይኮመጥጡ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ስኳር ከፍ ሲል አፍ ያደርቃል፣ ፈንገስ ይጋብዛል፣ ውሎ አድሮም ትናንሽ ነርቮችን ይጎዳል። የእንቅርት ዕጢ ሲሰንፍ ብርድ አለመቻል፣ ሆድ ድርቀት፣ መወፈር፣ የቆዳ ድርቀት ይከተላል፤ የጣዕም ለውጥም እንዲሁ። የእንቅርት ክኒን የሚታዘዝልዎ ከሆነ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጡት፤ ቡናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የብረት ክኒኑን 4 ሰዓት ያርቁ።

ደረጃ 5፦ የሚታይ ነገር እንዳያመልጥ

አፍ «ምንም የለውም» የሚባለው በደህና ብርሃን ታይቶ ሲያበቃ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅና ከሥሩ ያለው ላንቃ ይታይ፤ ቀልቶ ከተገኘ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ያውም ነጭ ሳይታይበት። ጥርሱን አድርገው የሚተኙ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ማታ ያውልቁት። እርጎ የመሰለ፣ ሲጠርጉት የሚለቅ ነጭ ነገር የታወቀው ፈንገስ ነው፤ ከታከመ በኋላ እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልጋል። ምላስ ላይ ካርታ የመሰለና ቦታ የሚለዋውጥ ምልክት ጉዳት የለውም፤ በርበሬ ሲነካው ግን ይለበልባል። ጉንጭ ውስጥ የነጭ ክር መረብ የመሰለ ነገር ከታየ የቆዳ ወይም የአፍ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ደረጃ 6፦ የደረቀ አፍና ደረቀ የሚባል አፍ

የአፍ ማቃጠል ያለበት ሰው አፌ ደረቀ ይላል፤ ምራቁ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ በቂ ሆኖ ይገኛል። በቤትዎ ይሞክሩት፦ ዳቦ ቆሎ ወይም ደረቅ ቂጣ ያለ ውኃ አኝከው መዋጥ ይችላሉ? ከቻሉ ምራቅዎ አለ፤ የተዛባው ስሜቱ ነው። ካልቻሉ፣ ሌሊት ለውኃ የሚነሡ ከሆነ፣ ዓይንዎም አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁርና መገጣጠሚያዎ የሚያምዎ ከሆነ ግን ስዮግረን የሚባለውን፣ ሰውነት የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢ የሚያጠቃበትን ሕመም ሐኪሙ እንዲያጣራ ይጠይቁ። ጫት አፍ ያደርቃል፤ ሲጋራም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ጥሩ ሽታ አለው እንጂ ለዚህ ሕመም ጠላት ነው።

ደረጃ 7፦ «ጨጓራ ነው» የሚለውን በልኩ መያዝ

እኛ ጋ ከወገብ በላይ ያለ ማቃጠል ሁሉ ጨጓራ ነው። እውነት አለው፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ አፍ ይደርሳል። የዚያ ምልክቱ ግን አለ፦ ጎምዛዛ ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ መምጣት፣ ቃር፣ ጠዋት የድምፅ መጎርነን፣ ሲተኙ የሚነሣ ሳል። እነዚህ ካሉ ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ሳይጋደሙ ይቆዩ፣ የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ ያድርጉ (ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ያብሳል)፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ለተባለው ሳምንት ይውሰዱ፤ በደብተሩ ላይም ቁጥሩ መውረድ አለመውረዱን ይመልከቱ። ቃሩ ጠፍቶ ምላሱ እንደዚያው ከቀጠለ ሁለቱ አብረው ኖሩ እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም። በዚያ ላይ ኦሜፕራዞልን ለዓመታት መቀጠል ወደ ደረጃ 4 ይመልሰናል። ሄሊኮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ከተገኘም ይታከም፤ ለጨጓራው ይጠቅማል፣ ለምላሱ ዋስትና ግን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ሌላው የሰውነት ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2005 የጣሊያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ ከታማሚዎቹ ምላስ ጥቂት ሥጋ ተቆንጥሮ ሲታይ ሕመምና ሙቀት የሚያስተላልፉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ከጤነኛው ሰው አንሰው ተገኝተዋል። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው አለቀሱ። «ታዲያ አልዋሸሁም!» አሉ።

ሕመም የሚሸከመው የነርቭ ሥርዓት አንዴ ከተቆጣ ሌላም ቦታ ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ የአፍ ማቃጠል ባለበት ሰው ላይ ማይግሬን፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም፣ መላ ሰውነትን የሚያደቅቀው ፋይብሮማያልጂያ፣ ሆድ አንዴ የሚደርቅበት አንዴ የሚፈታበት የአንጀት መቆጣት አብረው ይገኛሉ። ሴቶች አፍ አውጥተው የማይናገሩት አንድ ሌላም አለ፦ የብልት አካባቢ ማቃጠል። ለሴት ሐኪም ወይም ለነርስ ቢሆን ይንገሩ፤ ኢንፌክሽን ነው እየተባለ በከንቱ አንቲባዮቲክ ከመውሰድ ያድናል። የፓርኪንሰን ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይም የአፍ ማቃጠል ተዘግቧል፤ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እርምጃ ማጠር፣ ሽታ መጥፋት ካለ የነርቭ ሐኪም ይይዎት።

ጠዋት መንጋጋዎ ደክሞ ይነሣሉ? የምላስዎ ጎን የጥርስ ቅርጽ አትሞበታል? እንግዲያው ሌሊት ጥርስ ያፋጩ ይሆናል፣ ቀን ደግሞ ሳይታወቅዎ ምላስዎን ከጥርስ ጋር ያሹ ይሆናል። ይህ ከአባባሾቹ ወገን ነው። ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ሳይገጥም፣ ምላስ ላልቶ መቀመጥን በቀን አሥር ጊዜ ይለማመዱ።

ደረጃ 9፦ ጭንቀት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ

«ጭንቀት ነው» ሲባል ሰው ሁለት ነገር ይሰማል፦ ሕመምህ የለም፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ነገር ግን ከስድቡ ለመሸሽ ብለን ጭንቀቱን ራሱን መካድ የለብንም፤ ምክንያቱም ከዚህ ሕመም ጋር በብዛት ከሚገኙት ጎረቤቶች ዋነኞቹ ጭንቀትና ድብርት ናቸው። የትኛው ቀደመ የሚለው ሁልጊዜ አይለይም። ለወራት የሚለበልብ አፍ ማንንም ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ አእምሮ ደግሞ ያንኑ ማቃጠል ያጎላዋል።

በተለይ የካንሰር ፍርሃት አለ። ሰዉ በቀን ስንቴ መስታወት ፊት ቆሞ ምላሱን ያወጣል! ከምላስ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ በኩል የሚታዩት ትልልቅ ጉብታዎች ከመጀመሪያውም የነበሩ፣ የጣዕም መቀመጫ የሆኑ፣ በሁላችንም አፍ ያሉ ናቸው። ሐኪም አንዴ በደንብ አይቶ ደህና ነው ካለ መስታወቱን በሳምንት አንድ ቀን ይወስኑት፤ እኛ ቅዳሜ ጠዋት አደረግነው። የአፍ ማቃጠል ሕመም ወደ ካንሰር አይለወጥም።

እንቅልፍን ለብቻው ይያዙት። ማቃጠሉ አብዛኛውን ሰው ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም፤ ማታ ግን ጣሪያ ላይ ስለሚወጣ መተኛት ያስቸግራል፤ በማግሥቱም ያልተኛ ነርቭ የበለጠ ይቆጣል። የማታ ቡናን ማስቀረት፣ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ ስልክን ከአልጋ ማራቅ፤ የታወቀ ምክር ነው፣ ግን ይሠራል። ጮክ ብሎ ማንኮራፋትና በመሐሉ ትንፋሽ መቋረጥ ካለ ሌላ ሕመም ስለሆነ ለሐኪም ይነገር።

ለድብርት የሚሆነው ፒኤችኪው-9 የተባለ የ9 ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ የጤና ባለሙያ እንዲያስሞላዎ ይጠይቁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደስ የሚያሰኝዎ ሁሉ ከጠፋ፣ ምግብና ሰው ካስጠላዎ፣ ሕክምና ይገባዎታል። መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ይናገሩና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የአእምሮ ሕክምና የግድ አማኑኤል መሄድ ማለት አይደለም፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ አለ። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይሂዱ። ስለ ሕመሙ የሚያስቡትንና የሚያደርጉትን ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ የማስተካከል የንግግር ሕክምና ለዚህ ሕመም የሚረዳ መሆኑ ታይቷል።

ደረጃ 10፦ ኩሽናውንና መታጠቢያ ቤቱን ማጽዳት

ቀረፋ የአፍን ቆዳ ከሚቆጡ ቅመሞች አንዱ ነው። የአክስቴ ሻይ በቀረፋና በቅርንፉድ የሚፈላ፣ ከሦስት ብርጭቆ የማያንስ ነበር። ለ3 ሳምንት ቅመሙን ሁሉ አቁመው ባዶ ሻይ ለብ አድርገው ጠጡ፤ የማታው ቁጥራቸው ከ8 ወደ 6 ወረደ። የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ነው፤ ጠንካራ ሚንት የሌለበትና ብዙ አረፋ የማያወጣ ይሞክሩ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ስናፍጭ፣ ሎሚ፣ ትኩስ መጠጥ፣ አረቄ ለጊዜው ይቆዩ፤ አልጫ ይብሉ። ለሁልጊዜ አይደለም፤ ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚጎዳውን ይለዩ።

ከሁሉ በፊት የቤት ሕክምናውን ያቁሙ። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው ምላስ ላይ ማሸት፣ ምላስ መፋቅ፤ ቁስል የሌለበትን አፍ አቁስሎ ሁለተኛ ሕመም ይጨምርበታል።

ደረጃ 11፦ ሁሉ ተጣርቶ የቀረው

እጥረቱ ተሞልቶ፣ መድኃኒቱ ተቀይሮ፣ ፈንገሱ ታክሞ፣ ለሁለት ሦስት ወር ተጠብቆ የሚቀር ማቃጠል ራሱን የቻለው የነርቭ ሕመም ነው። በጥናት የተሻለ ድጋፍ ካላቸው አንዱ ክሎናዜፓም ክኒንን ሳይውጡ ለ3 ደቂቃ ያህል አፍ ውስጥ አሟሙቶ ምራቁን መትፋት ነው። የሚያንቀላፋና ልማድ የሚሆን መድኃኒት ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል። አልፋ ሊፖይክ አሲድ ተሞክሯል፤ ውጤቱ አንዴ ደህና አንዴ ምንም ነው። አሚትሪፕቲሊን አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አፉን አድርቆ ያብስበታል። የበርበሬው ፍሬ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በጣም ቀጥኖ እንደ መጉመጥመጫ የሚሰጥበት ሕክምናም አለ፤ በቤት ሚጥሚጣ ግን አይሞከርም።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይጀምሩ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይስጡት፤ ደብተሩን ይቀጥሉ። ሙሉ በሙሉ የሚጠፋለት ሰው ጥቂት ነው። የማታው 8 ወደ 3 ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል፤ አክስቴ ዛሬ 3 ላይ ናቸው።

ደረጃ 12፦ ለሐኪም የሚሰጥ አንድ ገጽ

ቀጠሮዎ አጭር ነው፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ለማውራት ጊዜ አይበቃም። እንዲህ ጽፈው ይዘው ይግቡ፦

«ዕድሜዬ 61፣ ካረጥሁ 11 ዓመቴ። ምላሴ ጫፍና ላንቃዬ ፊት ለ2 ዓመት በየቀኑ ያቃጥለኛል፤ ጠዋት 1፣ ማታ 8። ስበላ ይቀልለኛል። አፌን ይመረኛል፤ ቂጣ ያለ ውኃ መዋጥ እችላለሁ። ቃር በሳምንት አንድ ቀን። እግሬ ጣት ይደነዝዛል። እንቅልፍ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት አይወስደኝም። የምወስደው፦ ሜትፎርሚን 6 ዓመት፣ ኦሜፕራዞል እየተቋረጠ 2 ዓመት። ያልተሠራልኝ፦ ቢ12፣ ፌሪቲን፣ ቲኤስኤች። የተነቀለ ጥርስ፦ አንድ፤ ለውጥ የለውም።»

ከገጹ ግርጌ ሦስት ጥያቄ ይጨምሩ፦ ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ይህን ሊያመጣ የሚችል አለ? የትኛው ምርመራ ይቀድማል? ለውጡን መቼ ተመልሼ ላሳይዎት? የሦስተኛውን መልስ ደብተሩ ሽፋን ላይ ቀኑን ይጻፉበት።